ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ማዳም ዘይነብን እኔ ፊት በጥፊ ያጮለቻት «አዎ» ስላለች ነው።

ዐረብ አገር፣ ሳልዋ በሚባል ሰፈር፣ የአለቃዬ የጁማ ቪላ ውስጥ ነን። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን የእናቱን ትንፋሽ የሚከታተል መሣሪያ ጣሪያው ጥግ ላይ እሰቅላለሁ። የቤት ሠራተኛቸው ዘይነብ መሰላሉን ይዛልኛለች። ማዳም፣ የጁማ ሚስት፣ በሩ ላይ ቆማ በዐረብኛ «ሻዩን አፈላሽው?» አለቻት። ዘይነብ የወሎ ልጅ ናት፤ እንደ አገሯ ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ መለሰች። እኛ ዘንድ ይኼ ሙሉ መልስ ነው። ማዳም ግን መጥታ ጥፊዋን አሳረፈችባት።

«እጠይቃታለሁ፣ እሷ ትንፋሿን ትስብብኛለች» አለችኝ። «ትሳለቅብኛለች።»

«ማዳም፣ እኛ አገር እንዲህ ሲባል አዎ ማለት ነው።»

«አዎ ማለት ነው?» አለች። ነገሩን ያዝ አድርጋ ትንሽ አሰበችበት። «በኔ ቤት አዎ የሚባለው በምላስ ነው።»

ዘይነብ መሰላሉን አልለቀቀችም። ጉንጯ ላይ የጣት ሰንበር ወጥቶ «አብሽሪ እታለም፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። እኔ አልለመድኩትም፤ ደሜ ፈላ። ማዳም በባሏ ከተናደደች ዘይነብን እንደምትመታ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። ስወርድ፣ ሁለተኛ እጇን ብታነሳ ፖሊስ እንደምጠራ ለማዳም ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

የኔ ሥራ ቺፕ መንደፍ ነው። ሲሞስ ይባላል፤ ስልካችሁ ካሜራ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፣ የኔው ግን ብርሃን በመቀበል ፋንታ ራሱ ያመነጨውን ሞገድ ይልካል። ሞገዱ የሰው ደረት ላይ ነጥሮ ሲመለስ የደረቱን ከፍ ዝቅ ይዞ ይመጣል፤ ያ ስክሪን ላይ መስመር ይሆናል። ብርድ ልብስ አያግደውም፣ ጂፕሰም ቦርድም አያግደውም። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የለ፤ ያን ጆሮ የምሠራው እኔ ርብቃ ነኝ።

ከጁማ ጋር የምንነታረክበት አንድ ነገር ነበር። ከተማው መሃል ካለው ቢሯችን ሆነን ስንሞክረው፣ የሀበሻ ደረት ላይ መስመሩ ድንገት ይዘላል። እኔና ታች ካፌ የምትሠራው ሔዋን ወሬ ከጀመርንማ ስክሪኑ ፌንጣ ነው። ጁማ «ኖይዝ ነው» አለ። ኖይዝ በኛ ሥራ ቆሻሻ ማለት ነው፣ መልእክት የሌለው ንቅናቄ። «ኧረ አዎ እየተባባልን ነው» ስለው ሳቀና ማጣሪያ አስገባበት። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር ለስላሳ ነው፤ የኛ አዎ ተጠርጎ ወጥቷል።

ሳምንት ሳይሞላ ጁማ «የእናቴን ትንፋሽ ከሌላ ነገር ጋር እያደባለቀ ነው፣ ሄደሽ አስተካክዪው፤ እኔም ለምሳ እመጣለሁ» ብሎ ላከኝ። በሩን የከፈተችልኝ ማዳም ራሷ ናት። እጇ ተቧጭሯል።

«ዘይነብስ?»

«ኢንሓሸት» አለች። ኮበለለች ማለቷ ነው። «ትናንት ጠፋች።»

አሮጊቷ ተኝተዋል። ላፕቶፔን አልጋው ጫፍ ላይ ከፈትኩት። የእሳቸው መስመር እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከራስጌያቸው ካለው ጂፕሰም ግድግዳ ማዶ ግን ሌላ መስመር አለ፤ አጭርና ፈጣን፣ አሁንም አሁንም የሚቆራረጥ። ማዶው ዕቃ ቤት ነው።

«ዕቃ ቤቱ ውስጥ ማን አለ?» አልኳት።

«ማንም። ቁልፉም ጠፍቷል።»

ማጣሪያውን አጠፋሁት። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ከሰው ጋር የማወራ መስዬ በአማርኛ ጮክ አልኩ። «ዘይኑ፣ እዚያ ውስጥ ነሽ?»

መስመሩ ዘለለ።

«ሌላ ሰው አብሮሽ አለ?» አልዘለለም። «አፍሽን አስረውሻል?» ዘለለ። «ተጎድተሻል?» ዘለለ፤ ከዚያ ወርዶ ቆየ፣ ቆየ፣ መልሶ ተነሳ። ያቺ ልጅ በታሰረ አፏ በደረቷ እያናገረችኝ ነበር።

ፖሊስ ጋ ደወልኩ። በዐረብኛ «ሳልዋ፣ ሴት ታስራለች» ብዬ አድራሻውን እንደጨረስኩ ማዳም የአሮጊቷን ከዘራ እጄ ላይ አሳረፈችው። ስልኩ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሁለተኛው ምት ጆሮዬን ሰነጠቀው፤ ደሙ አንገቴ ውስጥ ሲገባ ይሞቃል። ዞሬ ፀጉሯን ጨበጥኩና ከቁም ሳጥኑ ጋር አላተምኳት። ጥርሷ ክንዴ ላይ ተተከለ።

«አንቺ አይደለሽም ያስተማርሽኝ?» እያለች ትጮኻለች። «አምባሬን የወሰድሽው አንቺ ነሽ ወይ ስላት ትንፋሿን ሳበች! አዎ ነው አላልሽም?»

ሰው ሲደነግጥም እኮ ትንፋሹን ይስባል። ይኼንን እንዴት ልንገራት? ዘይነብ ደነገጠች፤ ማዳም ደግሞ አመነች ብላ ቀጠቀጠቻት።

ጁማ የገባው በዚህ መሃል ነው። ለያየን። ጣቴን ስክሪኑ ላይ ቀስሬ «እይ፣ ዘይነብ ዕቃ ቤት ውስጥ ናት» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ኖይዝ ነው» አለ።

«ኖይዝ ሲጠሩት አይመልስም። ዘይኑ!»

መስመሩ ዘለለ፤ ከቅድሙ አነሰ እንጂ ዘለለ። ጁማ መሐንዲስ ነው፤ ገብቶታል። ፊቱ ሲነጣ አየሁት። ሚስቱን አየ፣ ቤቱን አየ፣ ከዚያ ላፕቶፑን አንስቶ ወለሉ ላይ ከሰከሰው። «ምንም አላየሽም» አለኝ። ወደ በሩ ስሮጥ ቀኝ እጄን ያዘና ጣቶቼን ወደ ኋላ አጠፋቸው። ሁለቱ ሲሰበሩ ሰማኋቸው። ጮኽኩ፤ አሮጊቷ ባነኑና የልጃቸውን ዲሽዳሻ ቀሚስ ጨምድደው «ግድግዳው ሲያለቅስ አደረ!» ማለት ጀመሩ። ቢታገል አልለቁትም። እናቱን መምታት አልሆነለትም።

ከአልጋው ሥር ትንሿን የኦክስጅን ሲሊንደር ሳብኩ። በግራ እጄ አቅፌ፣ በጉልበቴ ደግፌ ግድግዳውን መታሁት። ጂፕሰሙ ተሰነጠቀ። ጀርባዬ ላይ የማዳም ከዘራ ይወርዳል፤ እኔ ግድግዳውን እመታለሁ። ከዘራው ተሰበረ። በስባሪው ትከሻዬን ወጋችኝ፤ ግድግዳውን መታሁት። ሲሊንደሩ ማዶ አልፎ ሲወድቅ የቀረውን በጥፍሬ እየገነጠልኩ ገባሁ።

ዘይነብ የሩዝ ጆንያ ላይ ተጥላለች። አፏ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ እጆቿ በቻርጀር ገመድ ታስረዋል። አንድ ክንዷ ያለ ቦታው ታጥፏል። ሆዷ አብጦ ጠቁሯል፤ ደሙ ውስጥ ለውስጥ ሲፈስ እንደነበረ ኋላ ሐኪሙ ነገረኝ። ፕላስተሩን ስልጠው ከንፈሯ አብሮ ተላጠ። ዐይኗን ከፈተች። ያወቀችኝ ይመስለኛል።

«መጣሁልሽ ዘይኑ። እንሂድ?»

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። እስክታወጣው ጠበቅሁ። ደረቷ ላይ እጄን አኖርኩ፣ ደግሜ ጠራኋት፣ ደግሜ እንሂድ አልኳት። አላወጣችውም። ዘይነብ ያንን አዎ እንደያዘች ሞተች፤ ፖሊሶቹ ሲገቡ ጭንቅላቷን ታቅፌ የማዳምን ዘር ማንዘር እየረገምኩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ እጄ በጀሶ ታስሮ፣ መርማሪው ፊት ተቀመጥኩ። ጁማ ከበስተኋላዬ ከጠበቃው ጋር ተቀምጧል። ጠበቃው፣ ሟች ምንም አልተናገረችም፣ እዚያ መኖሯን ደንበኛዬ በምን ያውቃል ይላል።

«ሟች ከመሞቷ በፊት ተናግራለች?» አለኝ መርማሪው።

«እንሂድ ስላት አዎ ብላለች። ከዚያ በፊትም ጁማ ፊት ስጠራት መልሳለች።»

«በአፏ?»

«በትንፋሿ።»

ጁማ በረጅሙ ተነፈሰ። መርማሪው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ እስክሪብቶውን አነሳ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

ሳላስበው፣ እንዳሳደገኝ አገር፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁ።

መርማሪው እስክሪብቶውን እንዳነሳ ጠበቀኝ።

«ጠየቅኩሽ እኮ» አለ። «መልሺ እንጂ።»