ባለክንፉ ኤሊ

«ከሞተ ሰው ጋር አልጫወትም ብያለሁ፤ አለቀ» አለ ሹፌሩ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ እየወረወረ።

«ከሰው ጋር ተጫወት ማን አለህ? ከኤሊ ጋር ነው» አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ኤሊው በሰው አፍ ያወራላ።»

«ያንተስ እባብ በማን አፍ ነው የሚያፏጨው? ያውም ጉንፋን በያዘህ ቀን የተቀዳ።»

ፋርማሲስቷ ሳቀች። ሹፌሩ ግን አልሳቀም።

ጌም ቤቱ ጠባብ ነው። ከሥራ ሲወጡ ተሰብስበው የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አላቸው፤ ሁለት እንስሳት አዋህዶ አዲስ ፍጡር መሥራት፣ ከዚያ በፍጡራኑ ሠራዊት መዋጋት። ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዛል፣ በአንድ ጊዜ ይጠቃል። ቤቱ ደግሞ የራሱ ልማድ ነበረው። ፍጡሩን የሠራ ሰው ድምፁን ራሱ በማይክሮፎን ይቀዳለታል፤ ከዚያ በኋላ ፍጡሩ የቤቱ ነው፣ የፈለገ ሁሉ ያዘዋል። የፋርማሲስቷ ጎሽ የንብ መንደፊያ ተክላለት እሷው በቀዳችው ማጓራት ይጮኻል። የፀጉር አስተካካዩ ጃርት አሳማ ያንኮራፋል። ከኤሊና ከሌሊት ወፍ የተዋሐደው ባለክንፉ ኤሊ ብቻ ሲያዝዙት «መጣሁ» ይላል። የሠራው አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ከሞተ ክረምት አልፏል።

በበሩ አጠገብ፣ ከሶኬቱ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የቀለም ቀቢው አባት ናቸው፤ ይህን ግን ከመሃላቸው የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ የመጡት ልጃቸው ረስቶት የሄደውን ጃኬት ሊወስዱ ነበር። በሩን ከፍተው ገና ሳይናገሩ ከአንዱ ኮምፒውተር «መጣሁ» የሚል ሰሙ። ቤት ውስጥ ሲጠሩት እንደሚላቸው፣ መሃሉን ትንሽ ጎተት አድርጎ። የጌም ቤቱ ባለቤት «ምን ልታዘዝ አባባ?» ሲላቸው፣ ያሰቡትን ትተው «ስልክ ማስሞላት ይቻላል?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሰዓት መጠገኛ ሱቃቸውን ሲዘጉ ይመጣሉ። ስልካቸውን ይሰኩና ያደምጣሉ። ጃኬቱ አሁንም ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ነው፤ እጅጌው ላይ ነጭ ቀለም ደርቆበታል። ከወሰዱት ማንነታቸው ይታወቃል። ከታወቀ ደግሞ ሁሉም አንገቱን ይደፋና እግዚአብሔር ያጽናዎት ይላቸዋል፤ ስለ ኤሊው እንደ ልቡ የሚያወራ አይኖርም።

«የኔ ነገር ከድምፁ ጋር አይደለም» አለች ፋርማሲስቷ። «ጨዋታውን አበላሸው ነው የምለው። ሁላችንም እሱን ፊት እንሰዳለን፣ ከኋላው እንደበቃለን። የጀርባው ድንጋይ ዱላውን ሁሉ ይችላል። ማሰብ አቆምን እኮ።»

«ኧረ ይሞታል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ይሞታል፤ ግን ቀስ ብሎ። እሱ ነው ደስ የማይለው።»

«ትእዛዝ ሲያጣስ?» አለ ሹፌሩ። «ብቻውን ወደ ወንዙ ይሄድና የገደሉ ጥላ ውስጥ ይቆማል። ሌላው ፍጡር ባለበት ነው የሚቀረው።»

«ኤሊ ውሃ ይወዳል፣ የሌሊት ወፍ ጨለማ ይወዳል» አለ ባለቤቱ። «ሁለቱ የሚገኙት እዚያ ነው። ምኑ ይገርማል?»

«ፊቱን ወደኛ ማዞሩስ?»

ባለቤቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየ።

ኤሊው ከጨዋታው ይውጣ ያሉት ሹፌሩና ፋርማሲስቷ ናቸው። ይቆይ ያሉት ፀጉር አስተካካዩና ባለቤቱ። እኩል ለእኩል ሲሆን በቤቱ ደንብ የሚፈርደው የማይጫወት ሰው ነው። አራቱም ወደ አግዳሚው ዞሩ።

«አባባ፣ ያው ጭቅጭቃችንን ሰምተዋል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ይህ ኤሊ ይቆይ ወይስ ይጥፋ? ጠጋ ይበሉና ይዩት።»

አባት ተነሥተው ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ኋላ ቆሙ። የልጃቸውን ፍጡር ከቅርብ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ትልቅ ነው፤ ክንፎቹ ከድንጋዩ ሥር እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሹፌሩ እባቦች ላከው።

«መጣሁ» አለ ኤሊው።

እባቦቹ ከበቡት። አንዱ ክንፉ ተገነጠለ። ፀጉር አስተካካዩ ወደፊት ገፋው።

«መጣሁ።»

ድንጋዩ ተሰነጠቀ። አሁንም አዘዘው።

«መጣሁ» አለና ወደቀ።

«አዩ፣ እስኪያልቅለት ይታገላል። ጎበዝ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

አባት የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። «ማንም ቢጠራው ይመጣል?»

«ማንም።»

«ቢጎዳም?»

«እምቢ ማለት የት ያውቅና፣ አባባ።»

አባት ወደ ማውሱ ጎንበስ አሉ። «እኔም ልጥራው? አንዴ።»

ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ኤሊ አወጣና ወንበሩን ለቀቀላቸው። ማውሱ ላይ እጃቸውን አስተካከለላቸው። በወፍራም ጣታቸው ተጫኑት።

«መጣሁ።»

ኤሊው መጣ፤ ያዘዙት ቦታ ላይ ቆመ። የአባት ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ የተናገሩትን ግን ማንም አልሰማም።

«አሁን የት ልላከው?»

«ጠላት በዚያ በኩል ነው፤ የፈለጉበት ይላኩት።»

እጃቸውን አነሡ። ኤሊው ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ዞሮ፣ ክንፉን እየጎተተ፣ ወደ ወንዙ ወረደ። የገደሉ ጥላ ውስጥ ገብቶ ፊቱን መለሰ። ሹፌሩ እንዳያየው ወደ ሌላ ስክሪን ዞረ። አባት ግን ኤሊው ሲያያቸው አዩት፤ እንደ ገና እንዲጠሩት የሚጠብቅ ይመስል።

«ይጥፋ» አሉ።

«ይቆይ የሚሉ መስሎኝ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«በጠሩት ቁጥር ይመጣል። ይረፍ።»

ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ማጥፊያውን ተጫነ። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀው፤ ወደ ሽማግሌው አየ፤ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁለት። ወንዙና ጥላው ብቻቸውን ቀሩ።

«ድምፁን እንኳ ብናስቀረው ኖሮ» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ።

«አንተ አይደለህ ስትነዘንዘን የነበርከው?» አለች ፋርማሲስቷ። «በል ጀምር፤ ዛሬ የምትደበቅበት የለህም።»

ማዳመጫቸውን አጠለቁ። ጎሹ አጓራ፣ ጃርት አሳማው አንኮራፋ፤ ወዲያው እርስ በርስ መሰዳደብ ጀመሩ። አባት ስልካቸውን ነቀሉ። ሲመጡም ሙሉ ነበር። ጃኬቱን ከምስማሩ አወረዱ፤ አራግፈው እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፉና ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት።

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ እጁን ዘረጋና የራሱን ስልክ ባዶው ሶኬት ላይ ሰካ።