የሙሽራው አስታዋሽ

"ጎንበስ በዪ! ኧረ ጎንበስ! ጭንቅላትሽ ይታያል!"

አልባሳት ኃላፊዋ የቁም ሳጥኑን በር በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ውስጥ፣ በአሥራ አንድ ካፖርትና በሁለት የሙሽራ ቀሚስ መካከል፣ አንዲት የሃምሳ አራት ዓመት ሴት እንደ ብርድ ልብስ ተጣጥፋ ቀረች። በአንድ እጇ ስክሪፕት፣ በሌላው እስክሪብቶ የምታህል የእጅ ባትሪ ይዛለች። በሩ ላይ ለአየር የተበሱ ቀዳዳዎች ነበሩና አፏን ወደ አንደኛው አስጠጋች።

"ዝግጁ!" አለ ዳይሬክተሩ ከውጭ። "ካሜራ! አክሽን!"

ይህችን ሴት ሁሉም ሹክታ ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቴያትር ቤቱ መድረክ ሥር፣ ጉድጓድ በምትመስል ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት ሹክ ስትል ኖራለች። ሥራው አስታዋሽ ይባላል። ሹክሹክታዋ ተዋናዩ ጆሮ ሲደርስ ጥርት ይላል፤ የፊት ወንበር ላይ ያለ ተመልካች ግን ትንፋሿን እንኳ አይሰማም። አንድ ጊዜማ ተዋናይ መድረክ ላይ ራሱን ስቶ ቢወድቅ፣ "ተነሥ እንጂ፣ ገና ሁለት ገቢር ይቀርሃል" ብትለው ብድግ ብሎ፣ ተውኔቱን ጨርሶ፣ እጅ ነሥቶ ነው ሐኪም ቤት የሄደው ይላሉ። አየሁ የሚል ሰው ባይገኝም የሚምልበት ሞልቷል።

አሁን ፊልም የሚሆነው ተውኔት አያቶች የሳቁበት፣ የልጅ ልጆች ደግመው የሚስቁበት የቆየ ኮሜዲ ነው። አንድ ድሃ ልብስ ሰፊ፣ ደንበኛው ሊያስጠግን የተወለትን ካፖርት ለብሶ፣ ባለጠጋ ነኝ እያለ አንዲት ሀብታም መበለት ሊያገባ ይነሣል። መበለቲቱ ደግሞ ልቡን ልፈትን ብላ የቤት ሠራተኛዋን መስላ ትቀርበዋለች። ሁለቱ ሲዋሻሹ ሦስት ሰዓት ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊው ካፖርቱን አውልቆ እውነቱን ያወጣዋል። ለፊልሙ ሲባል ሦስቱ ሰዓት ተጨምቆ አንድ ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ዛሬ የሚቀረጸው ይህ የኑዛዜ ትዕይንት ነው፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ሳላቋርጥ በአንድ ትንፋሽ ነው የምቀርጸው ብሏል።

ልብስ ሰፊውን የሚጫወተው ሙሽራው ነው፤ መበለቲቱን ደግሞ አንዲት ወጣት ልጅ። በስሙ የሚጠራው የለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሃያ ሁለት ዓመት መድረክ ላይ ሲሞሸር የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ አግብቷል። ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያና አንድ ትራስ ብቻ ነው ያለው።

"እመቤቴ…" አለ ሙሽራው፤ ቀጥሎም ዝም አለ።

"ይህ ካፖርት…" አለች ሹክታ በቀዳዳው።

"ይህ ካፖርት የኔ አይደለም!" ሲል መስኮቱ ነዘረ፤ ጣራው ላይ የነበሩት እርግቦችም ተነሥተው ሄዱ።

"ከት! ጋሼ፣ ልጅቷ ያለችው እኮ ከእርስዎ አንድ ክንድ ርቃ ነው። ማዶ ሰፈር ላለ ሰው አይናገሩ።"

"ይቅርታ ልጄ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"እሺ፣ ዐሥር ደቂቃ እረፍት!"

አልባሳት ኃላፊዋ በሩን ስትከፍትላት ሹክታ መጀመሪያ አንድ እግሯን፣ ቀጥላ ሌላውን፣ በመጨረሻ ወገቧን በልመና አወጣችው። ጓሮ ወጥታ ስልኳን ብታይ ሁለት ጊዜ ተደውሎላት ኖሯል። መልሳ ደወለች።

"እትዬ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ቁርጡን ይንገሩኝ" አለቻት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ። "ወንበሩን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ። ሰኞ ይጀምራሉ ወይስ አይጀምሩም?"

ሥራው ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍትን እያነበቡ በድምፅ መቅዳት ነው። ቋሚ ነው። የሚደገፉበት ወንበር አለው፤ ከዚያም በላይ መስኮት አለው። ሹክታ ድምፅዋን ልካ፣ ከአርባ ሰው መካከል እሷ ተመርጣ ነበር። ችግሩ ፊልሙ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።

"እደውልልሻለሁ" አለቻት።

ዞር ስትል ሙሽራው በሰው ካፖርት ላብ ጠምቆት ቆሟል።

"ማን ነው?"

"ማንም አይደለም።"

"ሹክታዬ፣ እንዳትርቂኝ። ዛሬ ጭንቅላቴ ባዶ ጎተራ ሆኗል። አይጥ ብትገባ ርቧት ነው የምትወጣው።"

"መች ራቅሁህ? ብፈልግስ እግሬ ታጥፎ ቀርቷል፤ በምን እርቅሃለሁ?"

ከወር በፊት ነው እንዲህ ያደረጋት። ቴያትር ቤቱ ለእድሳት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ቤቷ መጣ፤ ሳይቀመጥም፣ "ቃል አይቆምልኝም፤ ጭንቅላቴ ወንፊት ሆኗል። ይህን ካወቁ አንድ ቀን አያሳድሩኝም። ያ የሳሙና ማስታወቂያ የሚሠራው ጎረምሳ ክፍሌን በቃሉ ይዞ በር ላይ ቆሟል። አንቺ ከሌለሽ አለቀልኝ" አላት። ፊልም ውስጥ አስታዋሽ የሚባል ሥራ ስለሌለ፣ ካፖርቴን የሚጠብቅ ሰው ካልተቀጠረልኝ አልፈርምም ብሎ በካፖርት ጠባቂነት አስቀጠራት። ዳይሬክተሩም የሽማግሌ ነገር ነው ብሎ ተወው።

ድምፅ ባለሙያው ግን በመጀመሪያው ቀን ማዳመጫውን አውልቆ፣ "ቁም ሳጥኑ ያወራል" አለ።

"ብል ነው" አለችው አልባሳት ኃላፊዋ።

"እትዬ፣ ብል ልብስ ሲበላ ሰምቻለሁ። 'ፍቅሬ ሆይ' ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም።"

ሲጨንቃቸው እውነቱን ነገሩት። ሰውየው ሆደ ቡቡ ነበርና ሹክሹክታዋን ከቅጂው ላይ እየለቀመ ሊያወጣላቸው ተስማማ። ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ነገር አልጋ ላይ እንኳ አልለቀው ብሏል፤ እያንዳንዱ የፍቅር ቃል መጀመሪያ በሴት፣ ቀጥሎ በወንድ ድምፅ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣበታል።

"ዝግጁ!"

ሹክታ ተመልሳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። በዚህ መሀል አልባሳት ኃላፊዋ፣ ብል የሚለው ወሬ እውነት እንዳይሆን ፈርታ ይሆናል፣ በየኪሱ የብል መድኃኒት በትናበት ነበር። ሹክታ ገና አንድ ጊዜ ስትተነፍስ ሽታው ጉሮሮዋን አነቀው።

"እመቤቴ…" አለ ሙሽራው።

ሹክታ አፏን ከፈተች። የመጣው ቃል ሳይሆን ሳል ነው። የአንዱን ካፖርት እጅጌ ጎትታ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አለቀ፣ አለች በልቧ። ሰውየውን ገደልኩት። አሁን ይቆማል፤ ዳይሬክተሩ ይቆጣል፤ ጎረምሳው ከበር ይገባል።

ሙሽራው ጠበቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ ያህል ጠበቀ።

ከዚያ ቀጠለ።

"ይህ ካፖርት የኔ አይደለም። ኮፍያውም የጎረቤቴ ነው። ከላይ እስከ ታች ብትፈትሺኝ የኔ ሆኖ የምታገኚው መርፌና ውሸት ብቻ ነው…"

ሁለት ገጽ ሙሉ ሄደ። አንዲት ቃል አልሳተም። ለፊልሙ የተቆረጡትን ዐረፍተ ነገሮች፣ እሷ እንኳ የመድረኩ ልማድ እየጎተታት የምትሳሳትባቸውን፣ እሱ ልክ እንደ አዲሱ ስክሪፕት ዘለላቸው። እጅጌው አፏ ውስጥ እንዳለ፣ ሹክታ ባትሪዋን በገጹ ላይ እያስኬደች ተከተለችው። ነጥብ እንኳ አልጣለም።

"ከት! ጋሼ፣ ግሩም ነው! አንድ ለመጠባበቂያ ያህል እንድገመውና እንጨርሳለን!"

መብራቱ እስኪስተካከል ሙሽራው ካፖርት ሊቀይር መስሎ ወደ ቁም ሳጥኑ ተጠጋ፤ በሩንም ገርበብ አደረገው።

"ተባረኪ" አላት ዝቅ ብሎ። "አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆኜ ነበር።"

"ሰማኸኝ?" አለችው።

"እንዴት አልሰማሽም! ጥርት አድርገሽ ነው እኮ ያቀበልሽኝ። ቃል በቃል።"

ሹክታ ከካፖርቶቹ መሀል ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ላይ የሱፍ ብናኝ ነበር። በሩን ራሷ ሳበችና ዘጋችው።

ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ አሰበች። ወንፊት አለ። ባዶ ጎተራ አለ። አይጥም አስገባ! ሦስት ሳምንት ወገቧን ያስቆረጣት፣ ያን መስኮት ያለውን ሥራ ይሁን አይሁን ያሰኛት፣ ጭራሽ ያልጠፋ ቃል ኖሯል። ደሟ ፈላ። ወዲያው ግን፣ ከደሟ ጋር፣ አንድ ሌላ ነገር አብሮ መጣባት፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት። ቴያትር ቤቱ ሲዘጋ እሱ ፊልም ነበረው። ቤቷ ሲመጣ ሊለምን የመጣው ቃል ካልሆነ ምን ነበር?

"አክሽን!"

"እመቤቴ…" አለ ሙሽራው፤ እንደ ልማዱም ቆመ።

ሹክታ ስክሪፕቱን ዘጋች። አፏን ከቀዳዳው አስጠግታ፣ በዚያ ጥርት ባለ ሹክሹክታዋ፣ ከመጀመሪያው ገቢር ልብስ ሰፊው ቦርጫሙን ሥጋ ሻጭ ሲለካው የሚለውን አቀበለችው።

"ሆድዎን ሳብ ያድርጉልኝ…"

የሙሽራው ትከሻ ነቅነቅ አለ። ቁም ሳጥኑን አየ፤ ልጅቷን አየ። ትክክለኛውን ቃል ቢል፣ ያውቀው እንደነበር ይታወቅበታል። ይህን ቢል ደግሞ ግሩም የተባለለት ቀን ገደል ይገባል። ከዚያ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያ ሦስት ሺህ ሙሽራ ባንበረከከ ድምፁ፣

"ሆድዎን ሳብ ያድርጉልኝ፤ ሜትሩ አልደርስ አለ" አላት።

ልጅቷ ወገቧ ቀለበት የሚያሾልክ ቀጭን ናት። ለአፍታ ሆዷን አየች። ከዚያ ሳቋ ፈንድቶ ወንበር ላይ ተዘረረች። ድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ይዞ ከነዱካው ወደቀ። ካሜራ ማኑ ቢስቅ ካሜራው፣ ካሜራው ቢነቀነቅ መብራቱ፣ እንዲህ እያለ ቤቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ዳይሬክተሩ ብቻ አልሳቀም።

"ጋሼ፣ ይቀልዳሉ? ወይስ ቃሉ ጠፍቶብዎት ነው? የፊተኛውን ሳየው የመስኮቱ ብርሃን በዝቶበታል፤ አይሆነኝም። ፀሐይዋ ልትዞር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምንቀርጸው። እሱም እንዲህ ከሆነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነገ ሌላ ሰው ነው የማቆመው።"

ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቁም ሳጥኑ መጣ።

"ገጽ ተሳስተሽ መሰለኝ፣ ሹክታዬ።"

"ከተሳሳትኩ ለምን አልከው?"

"አንቺ ያልሽኝን ነዋ የምለው።" ጫማውን እያየ ነው የሚናገረው። "እኔ ምን አውቃለሁ?"

ሹክታ ወጣች። ማጅራቷን አሸት አሸት አድርጋ፣ እዚያው አጠገቡ ቆማ፣ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ከመድረክ በታች ከገባች ጀምሮ ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ብሎ የተሰማበት ቀን አልነበረም።

"አቤት፣ እኔ ነኝ። ሰኞ እመጣለሁ… አዎ፣ ቁርጥ ነው… የፊልሙ? አይ፣ እሱ ያለ እኔ ይችላል።"

ስልኩን ዘጋች። ሙሽራው ቀይ ሽንኩርት የላጠ መሰለ። ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ቃል ጠፋው።

"ሹክታ…"

"ሂድ፣ ቦታህን ያዝ" አለችው። "ፀሐይዋ አትጠብቅህም።"

ሄደ። እየሄደ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት። አልባሳት ኃላፊዋ የቁም ሳጥኑን በር ይዛ፣ "ነይ እንጂ፣ ግቢ! ምን ትጠብቂያለሽ?" አለቻት ጥርሷን ነክሳ።

ሹክታ ስክሪፕቱን ከካፖርቶቹ ሥር አስቀመጠችና በሩን ዘጋችው። በአጠገቧ የነበረ በርጩማ አንሥታ፣ በሽቦዎቹ ላይ እየተራመደች፣ ከካሜራው ጎን፣ ልክ ሙሽራው ፊት ለፊት አኖረችው።

"እዚህ ብቀመጥ አውክሃለሁ?" ብላ ዳይሬክተሩን ጠየቀችው።

"ድምፅ ካላሰሙ ችግር የለም፣ እትዬ።"

"አላሰማም። አንዲትም።"

ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚህን ሰው ጫማና የሱሪውን ጫፍ ነበር ስታይ የኖረችው። ፊቱ ይህን ያህል ፈሪ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

"አክሽን!"

"እመቤቴ…" አለ ሙሽራው፤ ቆመም። ዓይኑ ከልጅቷ ትከሻ በላይ አልፎ በርጩማው ላይ አረፈ።

ሹክታ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ እስኪናገር ጠበቀችው።