ደጅ የቀረው ልብስ ሰፊ

«ሰውዬ፣ ግባ እንጂ! ሐዘኑ አንሶህ ነው ብርድ የምትጨምርበት?» አለች ሻይ የምታዞረው ጎረቤት።

ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ከበሩ አልተነቃነቀም።

የሟቿ ትንሽ እህት ከማዶ ታየዋለች። ለለቅሶው ከሩቅ አገር ከተመለሰች ወዲህ ቤቱ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላታል፤ የሰው አፍ ሲከፈት ታያለች፣ ድምፁ ቆይቶ ይደርሳታል። «እታለም» የምትላት ሟች እህቷ የካንሰር ክፍል ነርስ ነበረች። አሁንም ከጓዳ ብቅ ብላ «ለእሱ ሻዩን አቅጥኑለት፣ ጨጓራ አለበት» የምትል ይመስላታል።

እታለም የካንሰር መድኃኒት የምትቀምምበት የሆስፒታሉ ክፍል ጠባብ ነበር። አየሩን ስቦ የሚያስወጣው ማሽን ከተበላሸ ከርሟል። እታለም መድኃኒቱን ከጠርሙስ ስትቀዳ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ስትጨርስ እንደ ዋናተኛ ከበሩ ብቅ ትላለች። በስልክ ይህን እያወራች ትስቅ ነበር።

«አንቺ እዚያ ስለኛ ታጠኛለሽ፣ እኔ እዚህ እጠልቃለሁ።»

«ማሽኑ እስኪጠገን አትቀምሚ አልኩሽ እኮ!»

«በሽተኞቼስ? ዕጢው ማሽን እስኪጠገን ይጠብቃል?»

የትንሿ እህት ጥናት ይኸው ነበር፤ የመድኃኒቱ ርዝራዥ በነርሶች ጠረጴዛና በበር እጀታ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር። እህቷ ግን መቀመሙን አላቆመችም። በኋላም በደም ካንሰር ሞተች።

«ስታስታምም ጋባባት» ይላል ከጥግ አንድ ሹክሹክታ።

«አንቺ ደግሞ! ካንሰር ይጋባል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! የመድኃኒቱ ትነት ነው ይላሉ። ለሰው ስትቀምም ለራሷ ጠጣችው።»

ልብስ ሰፊው ሰማ። ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ግቢው ዞረ። ትንሿ እህት ተከተለችው።

«የኔንም የምትቀምመው እሷ ነበረች» አላት። «የሷን ዕድሜ ነዋ ስጠጣ የከረምኩት! ነገ ቀጠሮ አለኝ፤ አልሄድም። የሌላ እናት ልጅ ደግሞ አልፈጅም።»

«መድኃኒቱ አይደለም» ብሎ መዋሸት ቀላል ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስለ ስንት ነርስ አጥንቼ ስለ አንዲት እህቴ ማወቅ አቃተኝ። ጥፋተኛ ካለ ግን ማሽኑን ያላስጠገነው ሰው ነው። እርስዎ መታመምዎ ምን ጥፋት አለው?»

«አላውቅም ተብሎ ቀጠሮ ይኬዳል፣ እህቴ?»

የእታለም እናት ከኋላቸው ቆማለች። ከቀብሩ ጀምሮ «ልጄን ሥራው ነው የበላብኝ?» ስትል የከረመች እናት ናት። አሁን «አዎ፣ አንተ ነህ የበላሃት» ብትለው ሰውየው ከዚህ ግቢ ወጥቶ ሆስፒታሉን ዳግም አይረግጥም።

እናትየው ኮቱን አየች። ቁልፎቹ ተዛንፈው አንዱ ጫፍ ተንጠልጥሏል።

«ልብስ ሰፊ እንዲህ ይቆልፋል?»

«ጣቴ ደንዝዞ ነው፣ እማማ። መድኃኒቱ ነው ያደነዘዘኝ። ሆስፒታል ስሄድ ልጅዎ ነበረች የምትቆልፍልኝ።»

እናትየው ጠጋ አለችው። ቁልፎቹን ሁሉ ፈታች፤ ከታች ተነሥታም እያስተካከለች ትቆልፍለት ጀመር።

«ነገ ስትሄድ በዚህ በኩል እለፍ» አለች አንገቱ ጋ ስትደርስ። «እኔ እቆልፍልሃለሁ።»

የመጨረሻውንም ቆለፈች። እጇን ግን ከኮቱ ላይ አላነሳችም።