ብርቱካኑ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው

ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ከመርፌ በላይ የሚያውቅ ሰው ገና አልተወለደም። ይህን ያለችው ራሷ መርፌ ናት፤ ያውም ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ የስፌት መኪናው እየተንጫጫ፣ አንድም ሰው ሳይሰማት።

መርፌ የሚሏት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ትወጋለች። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ አክስቷ ስፌት ቤት ከገባች ወዲህ በምላሷ ያልተወጋ ደንበኛ የለም። ቤቱ ጠባብ ነው። በመስኮቱ በኩል ሁለት የስፌት መኪና፣ መሐል ላይ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በጓሮው በር በኩል ደግሞ ካውያ። ካውያ ዕቃውም ሰውዬውም ነው። ልብስ የሚተኩሰው ጎልማሳ ከዕቃው ጋር ስም ይጋራል፤ ሁለቱም ቶሎ ይግላሉ።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው፤ ስፌት ያበላሸ ለስላሳ ያጠጣል። መስመር ያጣመመ ያጠጣል፣ እጅጌ ገልብጦ የገጠመም ያጠጣል። ፈራጇ አክስት ናት፤ ፈራጅ ደግሞ ማንም ያጥፋ ማን ድርሻዋ አይቀርም። ከለስላሳው ሁሉ ብርቱካኑን እንጂ ሌላ አትነካም። ቆርኪውን በመቀስ እጀታ ፈንቀል ታደርግና በአንድ ትንፋሽ ግማሹን ታደርሰዋለች። ቀን በቀን ሦስት ጠርሙስ ቢደርሳት ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የሕጉ ነው።

አሁን ግን ነገር መጣ። አክስት ክሊኒክ ደሟን ስትታይ ስኳሯ ከበሽታው አፋፍ ደርሶ ተገኘ። መርፌ ይህን ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቆመች። አያቷ በዚሁ በሽታ ዓይናቸውን አጥተው፣ እጃቸውን ይዛ ከክፍል ክፍል ስትመራቸው ነው ያደገችው። አክስቷ ደግሞ እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት ናት። ይቺ ሴት ዓይኗ ቢጠፋ በዚያ ቤት ማን ልብስ ይቆርጣል? መርፌንስ ማን ይቆጣታል?

አክስት ግን ከክሊኒክ መልስ ገና ሳትቀመጥ ጠርሙስ ከፈተች።

«አክስቴ፣ ነርሷ ምን አለችሽ?»

«ለስላሳ ተይ አለችኝ።»

«እና ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርቱካን ነዋ! ፍራፍሬ ነው። ለስላሳ የሚባለው ያ ጥቁሩ ነው፤ እሱን ደግሞ በአፌም አላዞር።»

«እትዬ እውነታቸውን ነው» አለ ካውያ፣ ኮሌታ እየተጫነ። «የሚጎዳው ጥቁሩ ነው። ደግሞም ጋዙ ነው።»

«ሁለታችሁም አታውቁም!» መርፌ ብድግ አለች። «ለስላሳ ሚስማር ያቀልጣል! ማታ ብትከቱት ጠዋት የለም። ካልቀለጠ ለሁላችሁም እኔ አጠጣለሁ።»

ከአሮጌ ወንበር እግር የዛገ ሚስማር ተነቀለ። ጥቁሩ ተገዝቶ ብርጭቆ ውስጥ ተቀዳ፣ ሚስማሩ ገባ፣ ብርጭቆው መስኮት ላይ አደረ። ጠዋት መርፌ ከሁሉ ቀድማ ገብታ አየችው። ሚስማሩ አለ። አለ ብቻ? ዝገቱ ለቆ ዛሬ ከሱቅ የወጣ መስሏል።

«እሰይ!» አለች አክስት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላው። «ጭራሽ አጠበው እኮ! የኔንም አንጀት እንዲህ ያጥብልኝ።»

መርፌ አጠጣች። የሚያናድደው፣ አክስቷ በእሷው ውርርድ አንድ ተጨማሪ ብርቱካን አተረፈች።

የነርሷ ጋዋን ዚፑ ተቀይሮለት ስለነበር፣ መርፌ ማንም ሳያዛት አፈፍ አድርጋ ክሊኒክ ወሰደችው። የሚስማሩንም ነገር አጫወተቻት። ነርሷ እስክትታክት ሳቀች።

«ሚስማሩን ተዪው። ለስላሳው ውስጥ ያለው አሲድ ዝገት ያነሳል፤ ሎሚም ያነሳል። አሲዱ ቀስ በቀስ የሚጎዳው ጥርስን ነው። የአክስትሽ ጣጣ ግን ስኳሩ ነው፤ ጥቁር ሆነ ቢጫ ለውጥ የለውም። የጠርሙሱን ጀርባ አንብቢላት። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል።»

መርፌ እየሮጠች ተመለሰች። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙራ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ውሃ፣ ስኳር፣ አሲድ፣ ጣዕም ሰጪ፣ ቀለም! ብርቱካን የሚል አለ? የለም! ብርቱካኑ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው!»

ካውያ መጥቶ አየ። ሥዕሉን ነካ ነካ አደረገው። «እውነትም» አለ፣ እንደ ተከዳ ሰው።

«ስኳሩስ?» አለች አክስት።

«አሥራ ሁለት ግራም። ሦስት ማንኪያ!»

«ሦስት? እኔ ሻይ ላይ ሦስት አደርግ የለ? ሂጂ ወደ መኪናሽ!»

መርፌ ጭራዋን ቆልፋ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የሸሚዝ ቅድ ወረቀት ተሰቅሏል። ያ ወረቀት የግማሽ ደረት ነው፤ ጨርቁ ታጥፎ ይቆረጥና ሲዘረጋ ሙሉ ይሆናል። እሷ በገባች ሰሞን ጨርቁን ሳታጥፍ ቆርጣ ግማሽ ሸሚዝ ይዛ ቆማለች፤ ያኔም አጠጥታለች። ወረቀቱን አየች፤ ጠርሙሱን አየች። ከዚያ ደግማ አነበበች። አሥራ ሁለት ግራም፣ በመቶ ሚሊ ሊትር። ጠርሙሱ ደግሞ ሦስት መቶ ነው።

«ሳላጥፍ ቆርጬዋለሁ!» ብላ ጮኸች።

«የማንን ጨርቅ?» አክስት ደነገጠች።

የመርፌ እጅ ግን ሥራ ላይ ነው። ባዶ ጠርሙስ አጠበች፣ ንጹሕ ውሃ ሞላችበት፣ ወደ ትልቅ ብርጭቆ ገለበጠችው። ከዚያ ስኳር። ማንኪያውን በቢላ ጀርባ እየላገች ጨመረች። ስድስት ላይ ካውያ ካውያውን አስቀመጠ። ዘጠኝ ላይ አቆመችና አማሰለች።

«ጠጪው።»

አክስት አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ፊቷ እንደ ተጨማደደ ሸማ ሆነ። «ኧረ ምን ጉድ ነው! ይሄንን የሚጠጣ ሰው አለ?»

«አለ። አንቺ። በቀን ሦስቴ። ቅዝቃዜው፣ ጋዙና ኮምጣጣው ነው የሚሸውዱሽ።»

ካውያ ወደ ብርጭቆው ጠጋ አለ። «ያ ስኳር የለውም የሚሉት ለስላሳስ?»

«እሱን ነርሷን ጠይቅ፣ ጋሼ። እኔ የማውቀው ውሃ ጀርባው ላይ ስኳር የሚል እንደማይጻፍበት ነው።»

አክስት ብርጭቆውን ትክ ብላ አየችው። ለመርፌ፣ አክስቷ እዚያ ውስጥ ዓይናቸውን ያጡትን አያት እያየች መሰላት። አክስት ተነሥታ ብርጭቆውን ጓሮ ደፋችው።

«ከዛሬ ጀምሮ መቀጮው ውሃ ነው» ብላ ፈረደች።

መጀመሪያ ሰሞን ራሷን አመማት፣ ተነጫነጨች፣ ካውያን ሁለቴ አባረረች፤ ሁለቴ መለሰችው። ውሃው ላይ ሎሚ መጣል ለመደች። ሻይዋንም ቀነሰች። ከወራት በኋላ ክሊኒክ ሄዳ ስትመለስ፣ መርፌ ሱሪ እየሰፋች በሩን ታይ ነበር። አክስት ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ወርዷል» አለች። «ነርሷ ከአፋፉ ርቀሻል፣ እንዳትዘናጊ አለችኝ።»

መርፌ መኪናውን ሳታቆም እልልታዋን ለቀቀችው። ካውያ በእንፋሎት መሐል አጨበጨበ። መንገደኛ ሁሉ ሠርግ መስሎት አንገቱን አስገባ። መርፌ ሱሪውን እንደ ባንዲራ እያውለበለበች ጠረጴዛው ላይ ወጣች።

«ያዳንኩሽ እኔ ነኝ፣ አክስቴ! እኔ ባልኖር ይሄ ቤት በስኳር ያልቅ ነበር! ይጻፍልኝ!»

አክስት ሱሪውን ከእጇ ነጠቀች፣ አገላበጠች፣ መልሳ ወረወረችላት።

«ያን ሁሉ ጠርሙስ የገዛልኝ ማን ሆነና? ያንቺ ጠማማ ስፌት አይደል ለዚህ ያበቃኝ? አሁንም ኪሱን ከነአፉ ደፍነሽዋል። ውረጂ፣ ፍቺው፣ ውሃ አምጪ!»