የኮንዶሚኒየሙ ገበሬ ልጅ

በርናባስ ከእንጦጦ ራጉኤል አለፍ ብሎ ባለው ሜዳ ድሮኑን ሣሩ ላይ ሲያስቀምጥ ባርኔጣውን ነፋስ ወሰደበት። ሰው የገዛ ባርኔጣውን ሮጦ መያዝ አቅቶት ድሮን ያስነሣል? በርናባስ ያስነሣል። ኢፍቱ ባርኔጣውን ይዛ አቀበለችውና፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ «በዚህ ነፋስ አይከብድም?» አለችው።

«ለጀማሪ ነው የሚከብደው» አላት።

ኢፍቱ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰርግ ድሮን ስታበርር የኖረች ልጅ ናት። ይህን አልነገረችውም። በቴሌግራም «አድናቂህ ነኝ፣ አስተምረኝ» ብላ ስትጽፍለትም አድንቃው አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ስትጠላው ነው የከረመችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጎበና፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ፣ እዚያው ገብስ የሚያርስ ሰው ነበር። መሬቱ ከሄደ በኋላ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆንለት ብሎ፣ በሕንፃውና በአስፋልቱ መካከል በቀረችው ቁራጭ መሬት ባቄላ ይዘራል። አንድ ጠዋት የበርናባስ ድሮን ጭንቅላቱ ላይ መጥቶ ሲያንዣብብ ደንግጦ ዶማውን አነሣበት፤ ሚዛኑን ስቶም በጀርባው ወደቀ። በርናባስ ይህን በጭፈራ ሙዚቃ አጅቦ፣ «የኮንዶሚኒየሙ ገበሬ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። አገር ሳቀ። የሰፈሩ ልጆች በመስኮቱ ሥር «ገበሬው! ገበሬው!» እያሉ ያልፉ ጀመር። ጎበና ከቤት መውጣት ተወ። አብሮ አደጉ ዲንሳ ሲሞት እንኳ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ያየኛል ብሎ ከቀብር ቀረ። ጓደኛውን ሳይቀብር የቀረ ሰው ከእንግዲህ በምን ፊቱ ከሰው ይቀላቀላል? ኢፍቱ ልትበቀለው የማለችው ያን ቀን ነው።

ድሮኑ ተነሣ። ነፋሱ ከጀርባቸው ወደ ሱሉልታ ይነፍስ ነበርና ድሮኑ ሽው ብሎ ሄደ።

«ፍጥነቱን አየሽ?» አለ በርናባስ።

«ወይኔ! እዚያ ገደል ድረስ ይደርሳል?»

«ይቺማ ቀላል ናት!»

ቂል። በነፋስ ቀን መጀመሪያ የሚበረረው ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው፤ ሲመለስ ነፋሱ እንዲያግዝ። ኢፍቱ ይህን የተማረችው ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን ነው። በርናባስ ግን ገደሉ ጋ ደርሶ ቢያዞረው ድሮኑ እምቢ አለ። ሙሉ ኃይሉን ሰጥቶት እንኳ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መቆጣጠሪያው ይጮኽ ጀመር። ባትሪው ሠላሳ በመቶ ላይ ነበር፤ ወዲያው ሃያ ሁለት ሆነ።

«ምን ይሻላል?» አለ። ድምፁ ቀጥኗል።

መልሱን ታውቀዋለች። ድሮኑን ዝቅ አድርጎ፣ በዛፎቹ ከለላ ቀስ እያሉ ማምጣት ነው። ወደ ላይ ነፋሱ ይብሳል።

«ከፍ አድርገው» አለችው።

ከፍ አደረገው። ስክሪኑ ላይ ሰማዩና ጫካው ተገለባበጡ፤ ከዚያ ምስሉ ጠፋ።

በርናባስ ወደ ገደሉ ሮጠ። ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ዘጭ አለ። እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ኢፍቱ አንድም ሳይቀራት በስልኳ ቀረጸችው። ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ አላት።

ዞር ሲል ስልኩን አየ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«አቶ ጎበናን ታውቃቸዋለህ?»

«አቶ ጎበና ማናቸው?»

ይህን አልጠበቀችም። ሰውየውን ከሰው ተራ ሲያወጣ ስሙን እንኳ አልጠየቀም።

«የኮንዶሚኒየሙ ገበሬ» አለችው።

በርናባስ በእጁም በጉልበቱም እየዳኸ ወደ እሷ ወጣ። «ኢፍቱ፣ በእናትሽ እንዳትለቂው። የሳቸውን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። እናቴ እኮ ታየዋለች!»

«አባቴም አይቶታል» አለችውና ቪዲዮውን ለቀቀችው።