ሪያድ የሚወደው ቀለም

ሪያድ ሞተ ያሉኝ ቀን ራሴ ላይ ሂና ለጥፌ ነበር። ዕለቱ አርብ ነው። ጸጉሬ ገና በልጅነቴ የሸበተ ነው፤ የእናቴም እንደዚሁ ነበር። ባሌ ደግሞ ሽበት አይወድም። ድሬዳዋ ሳለን ጀምሮ "ሀሲና፣ ቀይ ስትሆኚ ነው ቤቱ የሚሞቀኝ" ይለኛል። እኔም ሞኟ በየሳምንቱ እቀባለሁ። ሐርጌሳ መጥተን ጣሪያው ግማሽ በሆነ ቤት ስንኖር፣ ውሃ ከባለ አህያ እየገዛን እንኳን ሂናዬን አላቋረጥኩም።

ሪያድ ግንበኛ ነው። የፈረሰ ከተማ እንደገና ሲሠራ ግንበኛ ሥራ አያጣም ብለን ነው የመጣነው። አላጣም ነበር፤ እሱ ግን የመን አማረው። "ቦሳሶ ሄጄ በጀልባ ልሻገር፣ አንድ ዓመት ብቻ" ብሎኝ ሄደ። ቦሳሶ ጀልባ ሲጠብቅ ወራት ካለፉ በኋላ በሬዲዮ መገናኛ መልእክት መጣ፤ ጀልባዋ ሰጠመች፣ የተረፈ የለም።

የነገረችኝ ሹክሪ ናት። ጋአን ሊባህ ሰፈር የሴቶች ጸጉር ቤት አላት፤ እኔ እዚያ ተቀጥሬ ሹሩባ እሠራለሁ፣ ሂና እቀባለሁ። በጦርነቱ ከቤተሰቦቿ ጋር ሸሽታ ሐረር ስለኖረች አማርኛዋ ከኔ ይሻላል።

"ተነሺ፣ ታጠቢው" አለችኝ እያለቀሰች።

"ምኑን?"

"ሂናውን ነዋ! ኢዳ ገብተሻል። ባል የሞተባት አራት ወር ከአስር ቀን ሂና እንደማትነካ አታውቂም?"

"ሬሳውን አይተሻል?"

"ኧረ አንቺ ሴትዮ!"

"አላየሽም። እንግዲያው ተይኝ፣ ገና አልያዘልኝም።"

ለቅሶ ሊደርሱኝ የመጡ ሴቶች ሻሼ ሸርተት ሲል ቀዩን ጸጉሬን አዩት። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ ሰው አልነበርኩም። ትናንት "አባዮ፣ እህቴ" እያሉ እጄን ሲስሙ የነበሩት ሰላምታዬን በጉሮሯቸው ብቻ መለሱ። ሮዳ የምትባል ደንበኛችን ልጇን ልትድር ነበር፤ "ይቺ ባሏ ሞቶ እንባዋ ሳይደርቅ የምታጌጥ ሴት ሙሽራዬን እንዳትነካት" አለች። ሹክሪ እንጀራዋ ነውና ከመስተዋቱ አንስታ ጓሮ ፎጣ አጣቢ አደረገችኝ። ሼኩ ሳይቀሩ መጡ።

"እህቴ፣ ጸጉርሽን መቀባቱን ተይው። ሰው ይዘንልሽ" አሉኝ።

"የሰው ሐዘን ምን ያደርግልኛል ሼኬ? እኔ ባሌን ነው የምፈልገው" አልኳቸው።

ግትርነት መሰላቸው። ፍርሃት ነበር። ሽበቴን የገለጥኩ ቀን ሪያድን በገዛ እጄ የምቀብረው ይመስለኝ ነበር። ደሞስ ድንገት በሩን ከፍቶ ቢገባና አሮጊት ቢያገኝስ?

ክረምቱ አልፎ አደን የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ከቦሳሶ መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ሰምቶ እኔ ጓሮ ፎጣ እጨምቃለሁ። ሹክሪ እየሮጠች ጎትታ ወደ በሩ አወጣችኝ።

"የግንበኛው የሪያድ ሚስት አንቺ ነሽ? ባልሽ ደህና ነው። ጀልባዋ ላይ አልወጣም" አለኝ አደን።

ሹክሪ እልል አለች። ሴቶቹ ወጥተው አቀፉኝ፣ ያን የተጸየፉትን ቀይ ጸጉሬን እየደጋገሙ ሳሙት። "ልቧ ያውቅ ነበር!" አሉ። ሮዳም ነበረች፤ "ልጄን አንቺው ነሽ የምትቀቢልኝ፣ እጅሽ በረካ አለው" አለችኝ። እኔ የአደንን ፊት ነበር የማየው። አልሳቀም።

"ታዲያ ለምን አይመጣም?" አልኩት።

ጫማውን አየ። "ቦሳሶ ቤት ሠርቷል። አግብቷል። ወንድ ልጅም ወልዳለታለች።"

"ሞተ መባሉንስ ሰምቷል?"

"ሰምቷል።"

"ምን አለ?"

"ዝም ነው ያለው፣ እህቴ።"

ዝም አለ! እኔ እሱን በሕይወት ለማቆየት ከሰው ስጣላ እሱ ሞቱ ተመችቶት ተቀመጠ። ሴቶቹ ግን ደስታቸው አልቀነሰም። "ወንድ አይደል፣ ሁለት ቢያገባ ምን አለበት? እንኳን ነፍሱ ተረፈች! አልሐምዱሊላህ በዪ እንጂ!" አሉኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ምን ልበል?

አርብ ደረሰ፤ ሂና አልነካሁም። በሚቀጥለውም አልነካሁም። ነጩ ከሥሩ ወጣ። አሁን ደግሞ በዚህ ተቆጡኝ። "ባልሽ ሕያው ሆኖ እንደ መበለት ትሆኛለሽ? ሟርት ነው!" ብላ ሮዳ ልጇን ሌላ ጸጉር ቤት ወሰደቻት።

ሹክሪ ሰው ሲወጣላት ሂናውን ራሷ በጥብጣ መጣች። "ነይ ቁጭ በዪ። እኔ ልቀባሽ።"

"ተይው፣ ኢዳ ላይ ነኝ።"

"ሀሲና! በሕይወት አለ እኮ!"

"አውቃለሁ። ቀዩን የሚወደው እሱ ነበር፤ ለማን ልቀባ?"

ሹክሪ ሳህኑን አስቀመጠችና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሻሼን አውልቃ ነጩን ጸጉሬን በጣቶቿ አበጠረችልኝ።

"አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" አለችኝ፣ ባል ለሞተባት እንደሚባለው።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለዚህኛው ለቅሶ የደረሰችኝ እሷ ብቻ ናት።