ሳትጠይቅ አግድ

አዜብ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለተኛው ንባብ የባሰ አናደዳት። ከመካነ ብርሃን በላይ ባለው የአፋፍ ጤና ጣቢያ የምትሠራው አዋላጅ ነርስ አበቡ፣ ያልተፈቀደ የግል ስልክ ከጤና መረቡ ጋር በማገናኘቷ ከሥራ ትሰናበት ይላል። ከሥሩ ለሦስት የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት የፊርማ ቦታ አለ። ሁለቱ ተፈርሞባቸዋል። ሦስተኛው የአዜብ ነው።

አዜብ ጎንደር ላይ፣ የገጠር ጤና ጣቢያዎችን በሚያገናኝ የመረጃ ማዕከል የኔትወርክ ደኅንነት ባለሙያ ናት። ከዓመት ወዲህ ግን መረቡን ቀን ከሌት የሚጠብቀው ኤጀንት የሚሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ፕሮግራም ነው። መሣሪያዎች ተሰጥተውታል፤ በአንዱ ይመረምራል፣ በአንዱ ሰው ይጠራል፣ በአንዱ መስመር ይዘጋል። የትኛውን መቼ እንደሚያነሣ የሚያውቀው ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሰው ከጻፈለት መግለጫ ብቻ ነው። አፋፍን አያውቅም፤ ገበሬን አያውቅም፤ የተጻፈለትን ያውቃል።

በኅዳር ሚካኤል የሆነው እንዲህ ነው። ወሩ አጨዳ ነው። ገበሬ ገብሱ ማሳ ላይ ደርሶ ሳለ ወገቤን አመመኝ ብሎ ጤና ጣቢያ አይሄድም። በሚካኤል ግን ማጭድ አይነሣም፤ ስለዚህ ታሞ የሰነበተው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያው ጎረፈ። የሳምንት ያህል የበሽተኛ ካርድ በአንድ ጠዋት በመረቡ ላይ ተከፈተ። ኤጀንቱ ጥቃት ነው አለና የጤና ጣቢያውን መስመር ዘጋ። ረፋዱ ላይ ምጥ የጠናባት እናት መጣች። አምቡላንስ የሚታዘዘው በመረቡ በሚላክ መልእክት ብቻ ነው፤ አበቡ መልእክቱን ብትልክ አልሄድ አላት፤ ኮምፒውተሩን ከራሷ ስልክ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ ላከችው። አምቡላንሱ ደረሰ፤ እናትም ልጅም ተረፉ።

እና ወንጀሏ ይህ ሆነ።

የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ፊልጶስ ፊርማውን ሊወስዱ ራሳቸው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከክፋት የሚብሰውን፣ ነገር ማለባበስን የለመዱ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ እንግዶች ይህን የኤጀንት ሥርዓት ሊያዩ እንደሚመጡ፣ ተሳሳተ ከተባለ ሥራው ከጎንደር ተወስዶ ለሌላ ከተማ እንደሚሰጥ፣ ነርስ ግን የትም ሥራ እንደማታጣ በለሰለሰ ድምፅ አስረዷት። አዜብ ኮምፒውተሯን ወደ እሳቸው አዞረችና የመዝጊያውን መሣሪያ መግለጫ ጮክ ብላ አነበበች።

«‹ግንኙነቱ ከተለመደው ሦስት እጥፍ ከሆነ ጥቃት ነው፤ ሳትጠይቅ አግድ።› ይኸው ነው ሙሉው። ማን እንደጻፈው ያውቃሉ?»

አቶ ፊልጶስ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አለች አዜብ። «ዓርብ ከሰዓት፣ ሰርግ ልሄድ ቸኩዬ።»

ከዚያ አላቆመችም። አንድ መስመር ሲዘጋ አንድ ጤና ጣቢያ በሙሉ እንደሚዘጋ መግለጫው አይናገርም። የዘጉትን እንዴት እንደሚከፍቱ አይናገርም። በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ደውሎ መጠየቅ እንደሚቻል አይናገርም። አንድ አዲስ ዘበኛ በር ላይ አቁመን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ብንሰጠው፣ ጥፋቱ የዘበኛው ነው ወይስ የኛ?

«በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ አቧራ ልታስነሺ ነው?» አሉ አቶ ፊልጶስ።

«በአንድ ዓረፍተ ነገር አይደል እንዴ አፋፍን የዘጋነው?»

«ራስሽን እየከሰስሽ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ልከሰስ። እሷ ግን እኛ የቆለፍነውን በር ከፍታ ሰው አዳነች። እሷን በሚያባርር ወረቀት ላይ ስሜ አይወጣም። ጋሽ ፊልጶስ፣ እርስዎ ደንብ ይወዱ የለ? ደንቡ ሦስት ፊርማ ይላል።»

የራሷን ሪፖርት፣ መግለጫውን ከነስሟ አባሪ አድርጋ፣ እሳቸው እያዩ ለኮሚቴውም ለጤና ጣቢያውም ላከች። ቀጥላ የመዝጊያውን መሣሪያ ከኤጀንቱ ነጠቀች። አቶ ፊልጶስ እንግዶቹ ሳይመጡ እንድትመልስ አዘዙ፤ መግለጫው እንደ ገና ተጽፎ ሳያልቅ አይመለስም አለች። ስልኳን አንሥታ አፋፍ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደጻፈችና ምን እንዳደረሰች ሳታሽሞነሙን ለአበቡ ነገረቻት። አሁን ለአዲሱ መግለጫ ሰው የሚበዛበትን ቀን ሁሉ እንድትነግራት ጠየቀቻት።

«ምነው ሳትጽፊው በፊት አልጠየቅሽ?» አለች አበቡ።

«ልክ ነሽ» አለች አዜብ።

«በይ እንግዲያ ያዢ። ሚካኤል አሥራ ሁለት፣ ማርያም ሃያ አንድ። የክትባት ቀን ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ በዚያ ቀን ብትዘጉን እኔ ራሴ ጎንደር እወርዳለሁ።» የአቶ ፊልጶስ ማጉረምረም ተሰማት። «ማነው ከኋላሽ የሚያጉረመርመው?»

«ሊያባርሩሽ የፈለጉት ሰው ናቸው።»

አበቡ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ሸጋ፣ እሳቸውም ይስሙ» አለች። «ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው፤ ጽፈሻል?»